ቀርቼ ማን ጠየቀኝ?

ጥያቄ፦

እንደምን አሉ? ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ። ዛሬ ግን የራሴን ጉዳይ ይዤ መጣሁ። 38 ዓመቴ ነው፣ የአንዲት የ9 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ያደግሁት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ዘምሬያለሁ፣ ሕፃናትም አስተምሬያለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ትዳሬ ችግር ውስጥ ሲገባ፣ ለማምናት አንዲት እህት "በጸሎት አስቢኝ" ብዬ ነገርኳት። ሳምንት ሳይሞላ ነገሩን ያልሰማ ሰው አልነበረም። ሰዎች ሲያዩኝ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ጀመር። እንደዚያም ሆኖ አልቀረሁም ነበር። ከዚያ ኮሮና መጣና ሁላችንም ቤት ገባን። አገልግሎቱም በኢንተርኔት ሆነ። በሩ ሲከፈት ሌላው ተመለሰ፣ እኔ አልተመለስኩም። እውነቱን ልንገርዎትና፣ እፎይ ነው ያልኩት።

አሁን ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በስልኬ ስብከት እሰማለሁ። የምወዳቸው ሦስት መምህራን አሉ። ሦስቱም በተለያየ ከተማ ነው የሚኖሩት፣ እንዲያውም አንዱ ሌላ አህጉር ነው ያለው። አንድ የቴሌግራም የጸሎት ግሩፕ ውስጥም አለሁበት። እምነቴ አልቀዘቀዘም። እናቴ ግን "ከእግዚአብሔር ቤት የጠፋ ከእግዚአብሔርም ጠፍቷል" ትለኛለች። በቀደም ደግሞ የልጄ ጓደኛ "ቤተ ክርስቲያናችሁ የት ነው?" ስትላት፣ ልጄ "እማዬ ስልክ ውስጥ" ብላ መለሰች። ስትቀልድ አልነበረም። ያን ቀን እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም።

ባለፈው ዓመት ቀዶ ጥገና አድርጌ ተኝቼ ነበር። ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። "አሜን" የሚል መልስ ጎረፈ፣ የተጣጠፉ እጆች ምስል ጎረፈ። በሬን ያንኳኳ ግን አንድም ሰው የለም። የድሮ ቤተ ክርስቲያኔም ቢሆን፣ ይኼን ሁሉ ጊዜ ስቀር "የት ጠፋሽ?" ብሎ የደወለልኝ የለም። ታዲያ እኔ የት ነው የምቆጠረው? መመለስስ አለብኝ?

ስሜ ይቆይ

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አስቀድሜ አንድ ሸክም ላውርድልሽ። ከእግዚአብሔር አልጠፋሽም። በየማለዳው ቃሉን የሚፈልግ፣ ልጁ በተናገረችው አንዲት ነገር እንቅልፍ ያጣ ሰው፣ ከእግዚአብሔር ጠፋ አይባልም። እናትሽ ያን ያሉት ፈርተው ነው። ፍርሃታቸው ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም። ቆይቼ እመጣበታለሁ።

ደግሞም ብቻሽን አይደለሽም። ጋላፕ የተባለው የአሜሪካ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ድርጅት ሰዎችን የአንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም የሌላ አምልኮ ቤት አባል መሆናቸውን መጠየቅ ከጀመረ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1999 ከመቶ አሜሪካውያን 70ው "አዎ፣ አባል ነኝ" ብሎ ነበር። በ2020 ይህ ቁጥር 47 ሆነ። ከግማሽ በታች ሲወርድ ያ የመጀመሪያው ነው። ከቀሩት ውስጥ ሃይማኖት የለኝም ያሉ ብዙ ናቸው። ግን እምነት አለኝ፣ አባልነት የለኝም ያሉም አሉ። አንቺ ከእነዚህ መሀል ነሽ።

ይህን ሲሰማ ቤተ ክርስቲያን አበቃላት የሚል ሰው አይጠፋም። አላበቃላትም። እ.ኤ.አ. በ1910 ከዓለም ክርስቲያኖች ሁለት ሦስተኛው አውሮፓ ውስጥ ይኖር ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ አውሮፓ የቀረው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ ከዓለም ክርስቲያኖች የነበረው ድርሻ በ1910 ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም ነበር፣ በ2010 ወደ 24 ደረሰ። አንዱ ጋ ወንበሩ ባዶ ሆኗል፣ ሌላው ጋ መቀመጫ ጠፍቷል። የአንቺ ጥያቄ ግን ሁለቱም ጋ አለ። ሰው ባዶ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ይሆናል፤ ሺህ ሰው በሞላበት አዳራሽም ብቻውን ይሆናል። ስለዚህ የሰው ብዛት ለጥያቄሽ መልስ አይሆንም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ቁስል አይቻለሁ። የመጀመሪያው፣ ገመናሽን ሰው ሁሉ አወቀው። ሁለተኛው፣ መቅረትሽን ማንም አላወቀም። ሲታዩ ተቃራኒ ይመስላሉ። ለእኔ ግን አንድ ናቸው። ወሬሽን የያዘ ሰው ሞልቶ፣ አንቺን የያዘ ሰው አልነበረም። ያቺ እህት ጭንቀትሽን ስትሰማ እጅሽን ይዛ አብራሽ ብትጸልይ ኖሮ፣ በማግስቱም "እንዴት አደርሽ?" ብላ ብትደውል ኖሮ፣ ነገሩ ከእሷ ባላለፈ ነበር። የሌላውን ጭንቀት ራሱ የሚሸከም ሰው ለወሬ ጊዜ የለውም። ወሬ የሚበዛው ሸክሙን ማንም ባልያዘበት ቦታ ነው።

ስልኩ የመጀመሪያውን ቁስል ሸፍኖልሻል። እዚያ ማንም ስለ ትዳርሽ አያውቅም። ማንም ሲያይሽ ድምፁን ዝቅ አያደርግም። እፎይ ማለትሽ አይደንቀኝም፣ አልፈርድብሽምም። የቆሰለ ሰው ገለል ብሎ ማገገም አለበት። ግን ሁለተኛውን ቁስል ያው ስልክ አሰፋው። የማያውቅሽ ሰው ሊያማሽ አይችልም። ያው ሰው ታመሽ ስትተኚ በርሽን ሊያንኳኳም አይችልም። ሁለቱ አብረው ነው የሚመጡት። ከመታወቅ ስትሸሺ ከመፈለግም ሸሸሽ። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። የጨነቀሽ ነገር ከየት እንደመጣ እንድታዪው ነው።

ስልኩን ጣዪው ግን አልልሽም። አገልግሎትን በርቀት ማስተላለፍ የዛሬ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 1921 አሜሪካ ፒትስበርግ ውስጥ ኬ.ዲ.ኬ.ኤ. የተባለ የሬዲዮ ጣቢያ የአንድ ቤተ ክርስቲያንን የእሑድ አገልግሎት በቀጥታ አስተላልፏል። ስለዚህ ነገሩ መቶ ዓመት አልፎታል። በዚህ ሁሉ ዘመን ከአልጋ መነሣት ለማይችል በሽተኛ፣ ለአቅመ ደካማ አዛውንት፣ እሑድን በሥራ ለሚያሳልፍ ነርስ፣ በእምነቱ ምክንያት በግልጽ መሰብሰብ ለማይችል ሰው ትልቅ በረከት ሆኗል። እንዲህ ያለ ሰው በስክሪን የሚያገኘው ኅብረት እውነተኛ ኅብረት ነው። ይህን የሚያቃልል ሰው ሲያጋጥመኝ ያናድደኛል። የአልጋ ቁራኛ ሆኖ የማያውቅ ሰው ነው እንደዚያ የሚናገረው።

ግን አንድ ጥንታዊ ነገር ልንገርሽ። በ2ኛው ክፍለ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ155 ገደማ፣ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ክርስቲያኖች እሑድ ተሰብስበው ምን እንደሚያደርጉ ለሮም ንጉሠ ነገሥት ጽፎ ነበር። ከከተማም ከገጠርም መጥተው አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። መጻሕፍት ይነበባሉ፣ መሪው ያስተምራል፣ ተነሥተው ይጸልያሉ፣ ኅብስቱንና ጽዋውን ይካፈላሉ። ቀጥሎ የጻፈውን ነው እኔ የምወደው። ላልመጡት ድርሻቸውን ዲያቆናቱ ይዘውላቸው ይሄዳሉ ይላል። የሚሰበሰበው ገንዘብም ለወላጅ አልባዎች፣ ለመበለቶች፣ ለሕመምተኞች፣ ለእስረኞችና ለእንግዶች ይውላል ይላል።

አየሽ እህቴ፣ በዚያ ዘመንም የሚቀር ሰው ነበር። ግን ማን እንደቀረ ይታወቅ ነበር። ቤቱም የት እንደሆነ ይታወቅ ነበር። ድርሻውን ይዞ የሚሄድለት ሰው ነበረው። አንቺ ቀዶ ጥገና አድርገሽ ስትተኚ ያጣሽው ይህንን ነው። ስብከትማ በሽ በሽ ነበር። የጎደለሽ ዲያቆን ነው።

እነዚያ ሦስት መምህራን ጥፋት የለባቸውም። ስለ ጤና በሬዲዮ የሚያስተምር ሐኪም ብዙ ሰው ይጠቅማል። ሆድሽን ሲቆርጥሽ ግን እጁን አሳርፎ "እዚህ ነው?" የሚልሽ ሌላ ሐኪም ያስፈልግሻል። መምህራኑ አንቺ መኖርሽን አያውቁም። ብትሞቺ አይሰሙም። ብትሳሳቺ አያርሙሽም፤ ሲያርሙሽ ደግሞ ቪዲዮውን ዘግተሽ ሌላ ትከፍቺያለሽ። ይሄ መጨረሻው ከሁሉም ያሳስበኛል። ደስ ያለንን ብቻ መርጠን ስንሰማ፣ ቀስ በቀስ የምንሰማው የራሳችንን ሐሳብ ይሆናል። አንድ ማኅበረ ምእመናን ውስጥ ግን ያልመረጥሽው ሰው አጠገብሽ ይቀመጣል። የማትወጂው ሰው ይጸልይልሻል። የማይጥምሽ ስብከት ትሰሚያለሽ፣ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ያው ስብከት ትዝ ይልሻል።

"መመለስ አለብኝ?" ብለሻል። መሰብሰብ አለብሽ፤ ወደዚያው መመለስ ግን ግዴታሽ አይደለም። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ወደ ዕብራውያን ሰዎች በተጻፈው መልእክት ምዕራፍ 10 ላይ አንዳንዶች እንደለመዱት መሰብሰባችንን አንተው የሚለውን ቃል እናትሽ ሳይጠቅሱልሽ አልቀረም። ብዙ ጊዜ የቀሩትን ለመገሠጽ ብቻ ይጠቀሳል። ከእሱ በፊት ያለውን ቁጥር አንብቢው። ለፍቅርና ለመልካም ሥራ እንድንነቃቃ እርስ በርሳችን እንተያይ ይላል። ትእዛዙ ለቀረው ብቻ አይደለም፤ ለተሰበሰበውም ነው። አንቺን ያላየ ጉባኤ እሱም ቃሉን አልፈጸመም።

የወጣ ሰው ሁሉ ጥፋተኛ ነው ብዬም አላምንም። እ.ኤ.አ. በ2021 ፈረንሳይ ውስጥ አንድ ገለልተኛ ኮሚሽን ከ1950 ጀምሮ 216,000 ያህል ሕፃናት በካቶሊክ አገልጋዮች ወሲባዊ ጥቃት ሳይደርስባቸው እንዳልቀረ ገምቷል። በሌሎች ቤተ እምነቶችም ተመሳሳይ ጉድ ወጥቷል። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበትን ሰው "ተመለስ" ማለት ጭካኔ ነው። የአንቺ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ቢሆንም ያቺን እህት በየሳምንቱ እያየሽ ተቀመጪ አልልሽም። ይቅር በያት። ይቅርታ ግን ምስጢርሽን እንደገና ለእሷ መስጠት አይደለም። ብትችዪ አንድ ቀን ብቻዋን አግኝተሽ "ያን ጊዜ ጎድተሽኛል" በያት። ካልቻልሽ ደግሞ ይቆይ።

አሁን ምን ታድርጊ? ከትንሽ ጀምሪ። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ገብተሽ ኋላ ተቀምጠሽ መውጣት ከስልኩ ብዙም አይለይም። የቅዱስ ጳውሎስን የሮሜ መልእክት የመጨረሻ ምዕራፍ ክፈቺ። ከ20 በላይ ሰዎችን በስማቸው እየጠራ ሰላምታ ይልካል። ጵርስቅላና አቂላ፣ ቤታቸውም የሚሰበሰበው ጉባኤ። ሩፎስና እናቱ፣ "ለእኔም እናቴ ናት" የሚላት። ያቺ ሴት ምን እንዳደረገችለት አልተጻፈም። ምናልባት ሲታመም አስታማው ይሆናል። በስም የሚጠራሽ፣ እናት የሚሆንሽ ሰው የሚገኘው እንደዚህ ባለ ትንሽ ክብ ውስጥ ነው።

ጆን ዌስሊ የተባለው የእንግሊዝ ሰባኪ ያስጀመረው የፕሮቴስታንት እንቅስቃሴ፣ የሜቶዲስቶች ታሪክም ይሄን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1742 እንግሊዝ ብሪስቶል ውስጥ ጆን ዌስሊና ምእመናኑ የሕንፃ ዕዳ ነበረባቸው። በ12 በ12 ተከፍለው አንድ ሰው በየሳምንቱ እየዞረ ከእያንዳንዱ አንድ ሳንቲም እንዲሰበስብ ወሰኑ። ሰብሳቢው ቤት ለቤት ሲዞር ማን እንደታመመ፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን እምነቱ እንደደከመ አየ። ዌስሊ ይህን ሲሰማ ከገንዘቡ ይበልጥ የሚያስፈልገው ይኼ መሆኑ ገባው። ያ የ12 ሰው ቡድን የእንቅስቃሴው አከርካሪ ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር ዛሬም በየቤተ እምነቱ በተለያየ ስም አለ። ፈልጊው።

ስትፈልጊ ዘማሪዎቹን፣ መብራቱንና የሰዉን ብዛት አትዪ። ከአንድ ሰው ጋር ቁጭ ብለሽ ጠይቂ። "እዚህ ሰው ሲቀር ምን ታደርጋላችሁ?" በይ። ግራ ገብቷቸው ከተያዩ መልሱን አግኝተሻል። ጥለው ስለሄዱ ሰዎች እንዴት እንደሚያወሩ ስሚ። የወጣውን ሁሉ ከሃዲና ከንቱ የሚያደርግ ቦታ፣ አንቺም ስትቀሪ እንዲሁ ይልሻል። መሪው ራሱ ለማን እንደሚጠየቅ፣ ገንዘቡን ማን እንደሚቆጣጠር ጠይቂ። በዚህ የሚቆጣ መሪ ካጋጠመሽ ዞር በይ።

ከገባሽ በኋላ ገመናሽን ይዘሽ አትቅረቢ። መጀመሪያ ትንሽ ነገር ንገሪ። "የሥራ ጭንቀት አለብኝ፣ ጸልዩልኝ" በይና ነገሩ የት እንደሚደርስ እዪ። ቆይቶ ሌላ ነገር ትጨምሪያለሽ። መተማመን እንደዚህ ነው የሚሠራው። በተጨማሪ ሥራ ጠይቂ። ሕፃናት ታስተምሪ ነበር ብለሻል። ከደብዳቤሽ ውስጥ ልቤን የነካኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም አንዴ ብቻ ጠቅሰሽው አለፍሽ። ሰው የሚፈለገው ሲፈልግ ብቻ አይደለም፣ ሲያስፈልግም ነው። አሥር ሕፃናት እሑድ የሚጠብቁሽ ከሆነ፣ ስትቀሪ "የት ሄደች?" ማለታቸው አይቀርም። ስልክ ግን ሥራ አይሰጥሽም። የቪዲዮው ተመልካች ከሺህ አንድ ሰው ቢቀንስ ምንም አይጎድልበትም።

ስለ ምሥጢራት ደግሞ የቤተ እምነትሽን ሥርዓት ጠይቂ። በኮሮና ጊዜ አንዳንድ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ምእመናን በየቤታቸው ሆነው የጌታን እራት እንዲወስዱ ፈቅደዋል። ቫቲካን ግን እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣችው ሰነድ በኢንተርኔት ምሥጢራት የሉም ብላለች። የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናትም ቅዱስ ቁርባንን በስክሪን አይሰጡም። ስለዚህ የቁርባን ሰው ከሆንሽ ጥያቄሽ ከሞላ ጎደል ተመልሷል። በአካል መገኘት አለብሽ።

አሁን ቅር ሊልሽ የሚችል ነገር ልንገርሽ። ማንም አልደወለልኝም ብለሻል፣ እውነትሽን ነው። ጥፋቱም የእነሱ ነው። ግን ካንቺ ጋር አብረው የቀሩ ሌሎችም ይኖራሉ። የኮሮና እገዳ ሲነሣ ሳይመለሱ የቀሩ፣ አንቺም በስም የምታውቂያቸው። አብራሽ ትዘምር የነበረች፣ አጠገብሽ ይቀመጡ የነበሩ ሽማግሌ። እነሱም ዛሬ "ማንም አልጠየቀኝም" እያሉ ይሆናል። አንድ ስም ይምጣልሽ። ደውዪ። "ምነው ጠፋሽ?" ብለሽ አትጀምሪ፣ ክስ ይመስላል። "ትዝ አልሽኝ" በያት። ከዚያ ስሚያት። ምናልባት አዲሱን ኅብረት የምትፈልጉት ሁለት ሆናችሁ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ በስሙ ስትሰበሰቡ እሱ በመካከላችሁ እንደሚሆን ታውቂያለሽ።

ለልጅሽ ስልክን ክፉ አድርገሽ አትሳዪባት። እግዚአብሔርን መፈለግን ካንቺ ያየችው በእሱ ነው፣ ማለዳ ማለዳ። ግን ልጅ እምነትን የሚይዘው ከእናቱ ብቻ አይደለም። ከእሷ ትንሽ ከፍ ያለች ልጅ ስትጸልይ ማየት አለባት። የሰው እናት ስሟን ጠርታ "አደግሽ እኮ!" ስትላት መስማት አለባት። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ የሚያማትቡ ወይም የሚዘምሩ አዛውንት አጠገብ መቀመጥ አለባት። ይሄን አንቺ ብቻሽን ልትሰጫት አትችዪም። ስትፈልጊ ይዘሻት ሂጂ። የትኛው ቦታ ደስ እንዳላት ጠይቂያት። ልጆች ሰው ሲያያቸውና ሳያያቸው ቶሎ ይለያሉ።

እናትሽ ፍርሃታቸው ከሜዳ አልመጣም ያልኩሽም ለዚህ ነው። እሳቸው ያደጉት ቀርተው የሚጠየቁበት ጉባኤ ውስጥ ይሆናል። አንቺ ብቻሽን እንዳትቀሪ ነው የፈሩት፣ ቀዶ ጥገናሽም ልክ እንደነበሩ አሳይቷል። አትከራከሪያቸው። የሆነውን ሁሉ ንገሪያቸው፣ የወሬውንም ጭምር። ምናልባት እስከ ዛሬ ለምን እንደቀረሽ አያውቁም ይሆናል። "እማዬ፣ ልፈልግ ነው፣ ጸልዪልኝ" በያቸው። በየሳምንቱ የት እንደሄድሽ መጠየቃቸው አይቀርም። ይጠይቁሽ።

በመጨረሻ፣ የምትጀምሪበት ቦታ የማይሆንሽ ሊሆን ይችላል። ጊዜ ስጪው፣ ቢያንስ ስምሽን እስኪለምዱት። ከዚያ በኋላም ካልሆነሽ ውጪ። ግን እንደ ባለፈው ድምፅሽን አጥፍተሽ አትቅሪ። መሪውን ወይም የቡድንሽን አስተባባሪ አግኝተሽ "ከዚህ ልሄድ ነው፣ ምክንያቴም ይሄ ነው" ብለሽ ተሰናብተሽ ሂጂ። እነሱ ሳይጠይቁሽ ቀርተው ሊሆን ይችላል፤ አንቺ ግን ንገሪያቸው።